ለቁጥር ሦስት የሰጠሁት ፍርድ

አርባ ዓመት ጠላ ስጠምቅ አንድ ቀን እንኳ ጠላዬን አመስግኜ አላውቅም። ይህን ስል ጠላዬ መጥፎ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ የደብረ ማርቆስ ሰው ያውቃል። ሠርግ ያለበት ሰው ከጥሪው ወረቀት በፊት እኔ ቤት ይመጣል። ማኅበር የደረሰበት፣ ክርስትና ያለበት፣ ሁሉም «ሥራነሽ ጊዜ አላት ወይ?» ብሎ ነው ቀን የሚቆርጠው። ነገር ግን ባለሙያ ሴት የራሷን መጠጥ አታሞግስም። እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ እሷንም እናቷ እንደዚሁ። እንግዳው ጠጥቶ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» ሲል መሬት መሬት እያየሽ «ኧረ ምኑን፤ ዘንድሮስ ቀጥኖብኛል፤ እንዲያው ለአፍ ያህል ነው» ትያለሽ። እንግዳውም ወጉን ያውቃልና ጣሳውን እንደገና ይዘረጋል።

የእኔ ደንበኞች እንዲያውም ነገሬን ገልብጠው መስማት ለምደዋል። «ዛሬ ሥራነሽ ምን አለች?» ብለው ይጠይቃሉ። «ቀጥኗል ብላለች» ከተባለ ደግፎ የሚመልሳቸውን ሰው ይዘው ይመጣሉ። «ምንም አይልም» ያልኩ ቀን ግን አንድ አንድ ጠጥተው በጊዜ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። አይናዲስ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ አንድ የጥምቀት ዋዜማ ጠጇን በሰው ፊት «እንደኔ ጠጅ ያለ የለም!» ብላ አሞገሰች። በማግስቱ ጠጁ ሆምጣጤ ሆኖ ተገኘ። ዓይን ገባው እንበል ወይስ ማሩ አነሰ፣ እሱን እግዜር ይወቅ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አፌን ይበልጥ ጠበቅሁ።

እስከዳር አንድ ልጄ ናት። ዓይኔ በጭስ እየተጨናበሰ ያስተማርኳት እሷን ከጋን ላርቃት ብዬ ነው። ባሕር ዳር የምግብ ምሕንድስና አጠናች፤ ከዚያ ሩቅ አገር ያለ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ቀጠራት። ነጭ ካፖርት ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለመጣ ሰው ሁሉ አሳይ ነበር። አራት ዓመት ሠራች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደችና፣ «እማ፣ የራሴን ጠመቃ ልከፍት ነው» አለችኝ።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ዲግሪ ይዘሽ ጠማቂ ልትሆኝ?»

«አንችስ ጠማቂ አይደለሽም?»

እኔ ደግሞ እውነት ሲነገረኝ ነው የምቆጣው። «ከእጅሽ ቢራ ከቀመስኩ ሥራነሽ ብለሽ አትጥሪኝ!» አልኳት። እሷም የእኔው ልጅ ናትና አልለመነችኝም። በደምበጫ መውጫ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ተከራይታ፣ በርሜል የሚያካክሉ የብረት ጋኖች ተከለች። በበዓል አንድ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ፎጣ እሸፍንበታለሁ። ሰው «የልጅሽ ቢራ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልኩ አልፋለሁ። ምላስ አንዴ ከለመደ አይመለስም።

እንዲህም ሆኖ ከጓዳዬ አልጠፋችም። ገብስ የማምስበትን ቀን ጠብቃ ትመጣና ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። «እማ፣ አሻሮውን ለምን በሁለት ከፍለሽ ታምሽዋለሽ?» ትላለች። ግማሹን ብቻ አጥቁሬ ግማሹን ቢጫ ላይ እንደማወርደው፣ ሌሊቱን በአንድ ቅርጫት ተሸፍነው አብረው እንደሚያድሩ እነግራታለሁ። «ጋኑን በወይራ ካጠንሽ በኋላ ጥንጁት ለምን ትጨምሪበታለሽ?» ትላለች። ወይራው ብቻውን ምላስ ላይ እንደሚከብድ፣ ጥንጁቱ ግን ሽታውን እንደሚያለዝበው አስረዳታለሁ። ሴት ልጅ እናቷን ስትጠይቅ ደስ ይላል። ለምን እንደምትጠይቅ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

አምና ከረቡዕ ገበያ ማዶ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ጥቁር ገብስ አስመጥታ አዲስ ነገር ጠመቀች። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ «የገብስ ወይን ይባላል» አለችኝ። «ከገብስ ብቻ ይጠመቃል፤ ግን እንደ ወይን ይበረታል። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ገና አልተከፈተም።»

«ገብስና ወይን ከመቼ ወዲህ ተጋቡ? በሰማንያ ነው በተክሊል?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ ጥር ሲጋመስ በከተማው ውድድር እንዳለ ነገረችኝ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ጠማቂዎች ብርቱ የገብስ መጠጣቸውን ያቀርባሉ፤ አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ለሚደረገው ትልቅ ባዛር ይላካል። «ካለፍኩ እቀጥላለሁ፤ ካላለፍኩ ግን በቃኝ እማ። ፋብሪካው ቦታሽ ክፍት ነው ብሎኛል፤ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለች።

«እሰይ! ሂጅ! እኔስ ምን ስል ነበር?» አልኳት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ተከትላኝ መጥታ ዓይኔን ስታይ ጭሱ ነው አልኳት፤ ምድጃው ግን በዚያን ቀን አልተለኮሰም ነበር።

በሳምንቱ መቅዲ የምትባል ከውድድሩ አዘጋጆች አንዷ ቤቴ መጣች። ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ እጇ ላይ ወረቀት፣ ጆሮዋ ላይ ስልክ። ሦስት ዳኞች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የቢራ ባለሙያ ነው፤ አንዱ የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ እርስዎ ይሁኑልን አለችኝ።

«ልጄ አለችበት እኮ» አልኳት።

«ብርጭቆው ላይ ቁጥር ነው ያለው፤ ስም የለም እማማ። ደግሞስ የልጅዎን መጠጥ ለይተው ያውቁታል?»

«በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«ታዲያስ! ከእርስዎ የበለጠ ንጹሕ ዳኛ ከየት ይመጣል?»

እውነት መሰለኝ። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ግን እውነት ባይመስለኝም እሄድ ነበር። ልጄ ወይ የምትቀርበት ወይ የምትሄድበት ቀን ነው፤ ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ?

ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን አጣፍቼ የሆቴሉ አዳራሽ ገባሁ። ጠማቂዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ከደምበጫ የመጣ አለ፣ ከሉማሜ የመጣ አለ። እስከዳር መሐላቸው ነበረች። ከዳኞቹ ጠረጴዛ ጀርባ ስቀመጥ ስታየኝ ፊቷ ክው አለ። እኔም እንዳላየ ሆኜ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

በቀኜ የተቀመጠው አቶ አምደሚካኤል ነው፤ የአዲስ አበባው ባለሙያ። መነጽሩ ቀጭን፣ ጫማው የሚያበራ፣ ጠባዩ ግን እንደ ጫማው ያልሆነ ትሑት ሰው ነው። በግራዬ የኔታ ገብረ ኪዳን አሉ። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ በሰንበቴያችን ሠላሳ ዓመት አብረን ጠጥተናል። ጠላ ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅንድባቸውን ያነሣሉ፤ አንደኛው ቅንድብ ብቻ ከተነሣ ጠማቂዋ ብታለቅስ አይፈረድባትም።

መቅዲ የአረቄ መለኪያ የምታህል ብርጭቆ ደረደረችልን። አጠገባችን ደግሞ ባልዲ አስቀመጠች።

«ይህ ለምንድነው? ልንታጠብ ነው?» አልኳት።

አቶ አምደሚካኤል ፈገግ አለ። «ቀምሰን የምንተፋበት ነው እናቴ። መጠጡ ብርቱ ስለሆነ፣ ሁሉንም ከዋጥነው መጨረሻ ላይ ያለው ይበደላል።»

«ይተፋል?» አሉ የኔታ። «ልጄ፣ ሰው ዓመት ሙሉ የደከመበትን መጠጥ በፊቱ ልተፋበት?» ከዚያ በእግራቸው ባልዲውን ቀስ አድርገው ወደ አቶ አምደሚካኤል ገፉት። በዚህስ ልክ ነበሩ።

ቁጥር አንድ መጣ። አቶ አምደሚካኤል ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣው፤ አዟዟረው፤ አፍንጫውን ከተተበት፤ ቀመሰ፤ ተፋ፤ ጻፈ። እኔ አንዴ ጎንጨት አልኩና፣ «መልካም ልጅ የሠራው ነው፤ ግን ቸኩሏል። ብቅሉ በደንብ ሳይበቅል ነው የተሰጣው» አልኩ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ አንገቱን ደፋ። ቁጥር ሁለትን ገና ሳሸተው አወቅኩት። «ይህ ጥሩ ነበር፤ መጠጡ የተጨመረበት ዕቃ ግን ታጥቦ ሳይደርቅ ነው» አልኩ።

«እውነት ነው! ዝናብ ነበር!» ብሎ አንድ ሰውዬ ከኋላ ጮኸ። መቅዲ «ጋሼ፣ ስም አይገለጥም ብለናል እኮ!» ብላ ስትቆጣው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ አምደሚካኤል ግን አልሳቀም፤ እኔን ያየኝ ጀመር። «እኔ የሆነ እርጥበት ጠርጥሬ ምን ብዬ እንደምጽፈው ጨንቆኝ ነበር» አለና እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳልናገር መጻፉን ተወ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ደስ አለኝ!

ቁጥር ሦስት መጣ።

መልኩ የዛፍ ማር ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ቀላ ይላል። አረፋው ቀጭን ሆኖ የብርጭቆውን ዳር ይዞ ቀረ። ስቀምሰው መጀመሪያ የመጣው በማር የተለወሰ በሶ ነው። ቀጥሎ ከምጣድ ወዲያው የወረደ ቆሎ። ከዚያ አንዳች ሙቀት በጉሮሮዬ ወርዶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ አልቸኮለም፣ አልገፈተረኝም፣ እንደ ቤተሰብ ገብቶ ቁጭ አለ። ይህ ሁሉ ደግ ነው ብዬ ሳልጨርስ ከመጨረሻው ላይ አንድ ሽታ በአፍንጫዬ ብቅ አለ። ወይራ፤ ከወይራው ላይ ደግሞ የጥንጁት ጫፍ። ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቢጫ ላይ የወረደ፣ አብሮ ያደረ አሻሮ።

ቤቴ ነው! በጋን ያልተጠመቀ፣ በጣሳ ያልተቀዳ፣ እኔ በሕልሜ ያላየሁት መጠጥ ነው፤ ግን ቤቴ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሁሉ እዚያች ብርጭቆ ውስጥ ነበር። የእናቴ እጅ አለበት፤ የእኔ እጅ አለበት፤ ሌላ እኔ የማላውቀው፣ የሚበልጥ እጅም አለበት። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ምን ይላሉ እናቴ?» አለ አቶ አምደሚካኤል። ፊቱ በርቷል፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ «ኧረ ምኑን» አልኩ። «ቀጥኗል። እንዲያው ለአፍ ያህል ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። አርባ ዓመት የለመደ አፍ ማንንም አይጠይቅም፤ የቤትሽ መጠጥ ሲመሰገን የሚባለው ይኸው ነው፤ አልኩት። አቶ አምደሚካኤል ግራ ተጋብቶ ብርጭቆውን እንደገና አየው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጀምሮት የነበረውን ነጥብ ሰረዘና ዝቅ ያለ ጻፈ። መቅዲም የእኔን ወረቀት እሷ ነበረች የምትሞላልኝና ዝቅ ያለውን ቁጥር አከበበችበት። የኔታ ግን ሁለቱንም ቅንድባቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ብርጭቆውን አሸተቱ፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና አሸተቱ። እኔ በደስታዬ ሰክሬ ይህን ሁሉ እያየሁ አላየሁም። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀና ስል እስከዳር በሩን ከፍታ ስትወጣ ጀርባዋን አየሁት። የስልክ ጥሪ መጥቶባት ነው ብዬ አሰብኩ። እንደኔ ያለች ሞኝ አለች?

ቁጥር አራትና ቁጥር አምስት አለፉ። የሉማሜው ቁጥር አምስት ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱንም በአደባባይ ተናገርኩ፤ የሰው ነውና ማመስገን ይቻላል። መቅዲ ነጥቡን ደምራ ለእኛ ብቻ በዝግታ አነበበችልን። ቁጥር አምስት አንደኛ። ቁጥር ሦስት አራተኛ።

«አራተኛ?» አልኩ። «እንዴት ተደርጎ? ማን ነው እንዲህ የፈረደው?»

የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንች ነሽ እንጂ ሥራነሽ! ጥንጁቱን እኔም አሽትቻለሁ። እኔማ "ቀጥኗል" ስትይ ሰምቼ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። እነሱ ግን ቁጥር ሦስት የማን እንደሆነ ከየት ይወቁ? ያልሽውን እንዳልሽው ጻፉት።»

ወደ ኋላ ዞርኩ። በሩን አየሁ፤ ልጄ አልተመለሰችም። የቤታችንን ወግ እሷ ታውቃለች፤ ግን የእሷ መሆኑን እንዳወቅኩ በምን ታውቃለች? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርሙሷ ላይ ፎጣ የሸፈነች እናት፣ የአንዱን ነውር የሌላውን ሙያ ስትናገር አርፍዳ፣ በመጨረሻ ተራው ሲደርስ በሰው ሁሉ ፊት «ቀጥኗል» አለች። የሰማችው ይህን ነው። ሻንጣዋን ለማንሣት ይህ ይበቃታል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ተነሥቼ ቆምኩ። «ጎበዝ፣ ቆዩኝ» አልኩ። «እኔ እዚህ ዳኛ ልሆን አይገባኝም። ቁጥር ሦስት የልጄ ነው።»

መቅዲ ስልኳ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «እማማ! በአፌ ዞሮ አያውቅም አላሉኝም?»

«አልዞረም ነበር። ዛሬ ሲዞር አወቅኩት። የቤት ነገር በሰው ፊት አይመሰገንምና፣ አፌ የለመደውን ተናገረ። ያልኩት ሁሉ ለወግ ነው፤ የእኔን ነጥብ ሰርዙት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ «ደግሞ እኮ እውነቷን ነው፤ የእኔም እናት እንዲሁ ናት!» ይላል። ከሉማሜ የመጣው ጠማቂ፣ አንደኛ መሆኑን ገና ያልሰማው ሰው፣ «እናትና ልጅ በአንድ ችሎት አይቆሙም፤ እንደገና ይቀመስ!» ብሎ ጮኸ። እግዜር ይስጠው። አቶ አምደሚካኤል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኔም ከምላሴ ይልቅ እርስዎን አምኜ ነጥቤን ቀንሻለሁ» አለ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። እርስዎ ይውጡልን እናቴ፤ ከየኔታ ጋር ሦስተኛውንና አምስተኛውን ቁጥራቸው ተቀያይሮ እንደ አዲስ እንቀምሳለን።»

«እንዲያ ከሆነ ባልዲውን አንሡልኝ» አሉ የኔታ።

እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ በነጠላ፣ በሆቴል ኮሪደር ሮጥኩ።

እስከዳር ከሆቴሉ ግቢ ጀርባ የቢራ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ አለማልቀሷ የባሰ አስፈራኝ። አጠገቧ ጠማቂዎቹ ዕቃቸውን ያስቀመጡበት ነውና የእሷም ጠርሙሶች ነበሩ። ሌላ ሳጥን ጎትቼ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ስንትና ስንት ነገር ልነግራት መጥቼ ነበር፤ ግን አፌን ስከፍት የወጣው «ብርድ ነው፤ ነጠላ አልያዝሽም?» የሚል ነው።

«ተይኝ እማ። ያልሽውን ብለሻል» አለች። «ሰኞ እደውልላቸዋለሁ።»

«ቅጅልኝ።»

«ምን?»

«ከዚህ ካንች መጠጥ ቅጅልኝ። በዚያች የጠብታ ዕቃ አይደለም፤ በሰው ብርጭቆ።»

ወደ ጠርሙሶቹ ዞረች። ከዚያ የውኃ ብርጭቆ አነሣች፤ ጠርሙሱን ከፈተች። ለእኔ ከመቅዳቷ በፊት በግራ መዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀመሰች። የእንግዳ አቀባበል ወግ ነው፤ ማንም አላስተማራትም፤ ቤቴ ሲደረግ አይታ ነው። ብርጭቆውን ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ተቀብዬ ጠላ እንደሚጠጣ ጠጣሁት፤ ሳላርፍ፣ እስከ ታች።

«ኧረ ምኑ...» አለ አፌ። በእጄ ያዝኩት። እውነቴን ነው፤ በእጄ ከንፈሬን ያዝኩ። ልጄ የታመምኩ መስሏት ከሳጥኑ ተነሣች።

«ተቀመጭ» አልኳት። «እስከዳር፣ ጥሩ ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች።

«በጣም ጥሩ ነው። አሻሮው የእኔ ነው፤ ጭሱ የእናቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ያንች ነው፤ እኔ እዚያ ደርሼ አላውቅም። ከእኔ ይበልጣል። ሰምተሽኛል? ከእኔ ይበልጣል!» ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከወጥ ቤት በኩል ድንች የምትልጥ ሴት ቀና ብላ አየችን። ዓይን ይግባው ካለ ይግባው፤ አልፈራሁም። «አዳራሽ ውስጥ ስቀምሰው አወቅኩሽ። ሳውቅሽ ያንን የተረገመ ወግ ተናገርኩ። ቁጥር ሦስት የልጄ ነው ብዬ ነጥቤንም አሰርዤ ነው የመጣሁ።»

ያኔ አለቀሰች። ማልቀስና መሳቅ አብረው መጡባት፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ልክ እንደ ሕፃንነቷ። «በሰው ሁሉ ፊት የልጄ ነው አልሽ?»

«የልጄ ነው አልኩ።»

«እማ፣ አንደኛ ብወጣም ባልወጣም አልሄድም።»

«ማን ሂጅ አለሽ?»

«አንች! "እሰይ፣ ሂጅ" ያልሽኝ አንች አይደለሽም?»

«እኔማ ሆዴ፣ ስንቱን እላለሁ» አልኳት። «ድገሚኝ እስቲ።»

«እማ፣ ይህ እኮ ጠላ አይደለም፤ አልኮሉ አሥራ አንድ ከመቶ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የቀረብኝን ነው የምጠጣ፤ ቅጅ!»

ቀዳችልኝ። እሷም ለራሷ ቀዳች። ፀሐይ ግንቡን አልፋ እግራችን ላይ ደረሰች፤ ከአዳራሹ የሰው ድምፅ ይመጣል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ብርጭቆዬ ሁለተኛ ጊዜ ባዶ ሲሆን በሩ ተበረገደና የመቅዲ እልልታ ግቢውን ሞላው። ከኋላዋ የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው «ቁጥር ሦስት! ቁጥር ሦስት!» ይላሉ፤ ባልዲው እንዳልነበረ አነጋገራቸው ይመሰክራል። አቶ አምደሚካኤልም በእጁ ወረቀት ይዞ ይስቃል፤ እሱም በሁለተኛው ዙር ሳይተፋ የቀረ ይመስለኛል።

እስከዳር ዘላ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሮጠች፤ ቆመች፤ ተመልሳ እጇን ዘረጋችልኝ። «ነይ እማ፣ አብረን እንግባ!»

ልነሣ አልኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። አርባ ዓመት ሰው አስክሬ ሰው ሳስሸኝ የኖርኩ ሴት፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ከሳጥን መነሣት አቃተኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ቁጭ አልኩ። ልጄ በሳቅ ወገቧን ያዘች። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ሲመጣ ጭራሽ ጉልበቴ ጠፋ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ክንዴን በትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ወገቤን ያዘችና ቀስ አድርጋ አቆመችኝ። ከእኔ ቁመቷ እንደሚበልጥ በዚያች ቅጽበት ነው ያስተዋልኩት። ሙሉ ክብደቴን ጣልኩባት፤ ቻለችው። እንደዚያው ተደጋግፈን፣ ሰው እያጨበጨበልን ገባን።